ኢትዮጵያና ጅቡቲ ኒው ዮርክ ላይ ምን ያህል ይስማማሉ? የሥራ ሂደት ማስታወሻ ከድሬዳዋ

ሚያዝያ፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ

ጥያቄው ቀላል ነው። ኢትዮጵያና ጅቡቲ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ሲሰጡ ምን ያህል ይስማማሉ?

ድሬዳዋ ለሚኖር ሰው ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከተማዋን የወለዳት ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ ነው። ባቡሩ እዚህ የደረሰው በ1902 ነው፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917። በመሃል ያሉት ዓመታት ናቸው ድሬን ድሬ ያደረጓት። ዛሬም ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ሻይ ከሚጠጣው ሰው ብዙው ጅቡቲ ውስጥ ዘመድ አያጣም። ስለዚህ «እኛና ጅቡቲ አንድ ነን» የሚለው አባባል እዚህ ማስረጃ አይጠየቅበትም። እኔ ግን ልጠይቅበት ነው።

ለምን ድምፅን መረጥኩ? መንግሥታት ብዙ ያወራሉ። ወሬውን መመዘን ከባድ ነው። ድምፅ ግን ሦስት ምርጫ ብቻ ነው ያለው፦ ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ ድምፀ ተዓቅቦ። በየአገሩ ስም ይመዘገባል። ከ1946 ጀምሮ ለሁሉም አገር በአንድ ዓይነት መንገድ የተቆጠረ ነገር ደግሞ በዓለም አቀፍ ፖለቲካ ውስጥ ብዙ የለም።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይታወቅ። ጠቅላላ ጉባኤው ከሚያሳልፋቸው ውሳኔዎች አብዛኞቹ ያለ ድምፅ፣ በስምምነት ነው የሚያልፉት። ዳታው ውስጥ የሚገባው አንድ አገር ተነስቶ «ድምፅ ይሰጥበት» ያለበት ብቻ ነው። ማለትም እኔ የማጠናው ጭቅጭቅ ያለበትን ክፍል ነው።

ስለ ቀን አቆጣጠርም ልበል። ዳታው የተጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ ዝም ብዬ የማስቀምጠው ዓመት የአውሮፓ ነው። የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እልበታለሁ።

ዳታውን ከማውረዴ በፊት የምጠብቀውን ደብተር ላይ ጻፍኩ። ውጤቱን አይቶ «ብዬ ነበር» ማለት ለማንም አይከብድም። አንደኛ፣ በደርግ ጊዜ ስምምነቱ ዝቅ ይላል፤ አዲስ አበባ ከሞስኮ ጋር ነበረች፣ ጅቡቲ ደግሞ በ1977 ነፃ ከወጣች ጀምሮ የፈረንሳይ ጦር መቀመጫና የዓረብ ሊግ አባል ናት። ሁለተኛ፣ ከ1991 በኋላ ይቀራረባሉ። ሦስተኛ፣ ከ1998 የኤርትራ ጦርነት በኋላ አሰብ ተዘግቶ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ሲዞር፣ ድምፁም ላይ አንድ ነገር መታየት አለበት። ሦስተኛውን ስጽፍ እጄ ትንሽ አመነታ። ጻፍኩት ግን።

ሰኞ ማታ

ዳታውን ያዘጋጁት ኤሪክ ቩተንና ባልደረቦቹ ናቸው። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በሚያስተዳድረው የዳታ ማኖሪያ ላይ በነፃ ይገኛል። ከቀን ይልቅ ማታ ኢንተርኔቱ ይሻላል፤ ሙቀቱም ትንሽ ይበርዳል። በሚያዝያ ድሬ ውስጥ ቀን ላይ ላፕቶፕ ማሠራት ላፕቶፑንም ሰውየውንም መበደል ነው።

ፋይሉን በኤክሴል ለመክፈት ያሰበ ካለ ይተወው። እያንዳንዱ ረድፍ የአንድ አገር የአንድ ድምፅ መዝገብ ነው፤ ወደ ሁለት መቶ አገር በሺዎች ድምፅ ሲባዛ ከሚሊዮን ያልፋል። ኤክሴል የሚሸከመው 1,048,576 ረድፍ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ቆርጦ ይጥለዋል። የሚቆረጠው ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለው፣ አዲሱ ነው። ስለዚህ ኮድ የምጽፍበት ፓይተን፣ ከእሱም ጋር ትልልቅ ሠንጠረዥ የሚያነበው ፓንዳስ።

የመጀመሪያው ሥራዬ ፋይሉን ማሳነስ ሆነ። ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲ፣ ኤርትራ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳን፣ ደቡብ ሱዳን፣ ኬንያ። ሰባቱን ብቻ ለይቼ በትንሽ ፋይል አስቀመጥኩ። መብራት ሲጠፋ ከባዱን ፋይል እንደገና ከማንበብ ይገላግላል። መብራቱም አላሳፈረኝም፣ ገና እያስቀመጥኩ ሄደ። ፋይሉ ድኗል።

ረቡዕ

ድምፁ በቁጥር ነው የተጻፈው። 1 ድጋፍ፣ 2 ድምፀ ተዓቅቦ፣ 3 ተቃውሞ። ከዚያ ዘለል ይልና 8 ድምፅ ሳይሰጥ የቀረ፣ 9 ደግሞ ገና አባል ያልሆነ።

ይህ ዝላይ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፣ ደግሞም ጥሩ ነው። ከ1 እስከ 3 ያሉት ቅደም ተከተል አላቸው፤ ድምፀ ተዓቅቦ በድጋፍና በተቃውሞ መሃል ይቀመጣል። 8 እና 9 ግን መጠን አይደሉም፣ መለያ ናቸው። ኮምፒውተር ግን ይህን አያውቅም። አማካይ አውጣ ካልከው ያልተገኘውን አገር ከተቃወመው የበለጠ ተቃዋሚ ያደርገዋል። 9ኙን ወዲያው ጣልኩት። ጅቡቲ መስከረም 20 ቀን 1977 ከመግባቷ በፊት ያለው ረድፍ አያስፈልገኝም። (መስከረም ያልኩት የእነሱን ሴፕቴምበር ነው።) 8ን ግን አቆየሁት። ምን እንደማደርገው ገና አላውቅም፤ መጣሉ ግን ደስ አላለኝም።

ሐሙስ

ዛሬ አንድ የሚያስደስት ነገር አገኘሁ። የጠቅላላ ጉባኤው ዓመት የሚጀምረው በእነሱ ሴፕቴምበር ነው። ሙቅ ሙቁ ድምፅ የሚሰጠው ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ነው፤ የቀረው ወደ ሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። በአውሮፓ ዓመት ግራፍ ስትሠራ አንዱ ጉባኤ ለሁለት ይሰነጠቃል። በእኛ ዓመት ግን አይሰነጠቅም! ጉባኤው ከመስከረም ጋር ይገባል፣ ከጳጉሜን ጋር ይወጣል ማለት ይቻላል።

ስሌቱም ቀላል ነው። የጉባኤው ቁጥር ላይ 1938 ደምር። ጅቡቲ የገባችበት 32ኛው ጉባኤ፣ 1970 ዓ.ም.። 76ኛው፣ 2014 ዓ.ም.። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጉባኤዎች መክፈቻቸው ወዲያ ወዲህ ይላል እንጂ ከዚያ ወዲህ ልክ ይመጣል። እንደዚህ በአንድ መደመር የሚታረቅ የውጭ ዳታ ብዙ ጊዜ አያጋጥመኝም። ስለዚህ የግራፉ አግድም መስመር በዓ.ም. ይሁን ብዬ ወሰንኩ።

በዚያው መስመር ላይ የኢትዮጵያ ረድፍ በ19ኛው ጉባኤ፣ በ1957 ዓ.ም.፣ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የዳታ ጉድለት ይመስላል። አይደለም። ሶቭየት ኅብረትና ፈረንሳይ ለሰላም አስከባሪ ጦር ወጪ አንከፍልም ብለው ነበር። ቻርተሩ አንቀጽ 19 ላይ የሁለት ዓመት መዋጮ ያህል ዕዳ ያለበት አገር ድምፅ አይሰጥም ይላል። አሜሪካ አንቀጹ ይከበር አለች። ሶቭየት ኅብረትን ድምፅ መከልከል ማለት ድርጅቱን ማፍረስ ሊሆን ነው። መፍትሔው? ማንም ድምፅ እንዳይሰጥ ማድረግ! ጉባኤው በሙሉ ማለት ይቻላል ያለ ድምፅ አለፈ። ይህን እዚህ የጻፍኩት አንቀጽ 19 ወደ ኋላ ተመልሶ ስለሚመጣ ነው።

እሑድ

የአገር ቁጥር ማዛመድ። አሰልቺ ቀን።

ከሌላ ፋይል ጋር ለማገናኘት እያንዳንዱ አገር ቁጥር ያስፈልገዋል። ችግሩ ኢትዮጵያ አንድ ቁጥር የላትም። የጦርነት ታሪክ የሚያጠኑት በሚጠቀሙበት ዝርዝር 530 ናት፤ ጅቡቲ 522፣ ኤርትራ 531። የተመድ የስታቲስቲክስ ቁጥር ደግሞ ኤርትራ በ1993 ስትለይ ከ230 ወደ 231 ተቀይሯል። ስለ መንግሥታት ዓይነት የሚያጠናው ፖሊቲ የተባለው ዳታ ከ1993 በኋላ ያለችውን ኢትዮጵያ 529 ይላታል። ሳያዩ ካገናኙት ኢትዮጵያ በ1993 ላይ ትጠፋለች፤ ኮምፒውተሩም ምንም አይልም። የራሴን ትንሽ ሠንጠረዥ ሠራሁ፣ አበቃ።

ግንቦት መግቢያ

ጥሬው መቶኛ ወጣ። ሁለቱም ድምፅ ከሰጡባቸው ጊዜያት ውስጥ አንድ ዓይነት የሰጡት ስንት ናቸው? ከፍ ያለ ቁጥር ነው የመጣው። «አንድ ነን» ለሚሉት ሰዎች ደስ የሚል ነው።

ደስ ከመሰኘት በፊት ግን የሚከተለውን ስሌት ማየት ይገባል። ሁለት አገሮች አሉ እንበል። አይተዋወቁም፣ አይነጋገሩም። ሁለቱም ከ100 ድምፅ 90 ጊዜ ይደግፋሉ፣ 10 ጊዜ ይቃወማሉ። በአጋጣሚ ብቻ ስንት ጊዜ ይገጥማሉ? ድጋፍ ላይ 0.9 ሲባዛ በ0.9፣ 0.81። ተቃውሞ ላይ 0.1 ሲባዛ በ0.1፣ 0.01። ሲደመር 82 ከመቶ! ምንም ሳይግባቡ።

ጠቅላላ ጉባኤው ደግሞ እንዲህ ያለ ቦታ ነው። አብዛኛው የአፍሪካና የእስያ አገር አብዛኛውን የውሳኔ ሐሳብ ይደግፋል። ፍልስጤም፣ የኑክሌር ጦር መሣሪያ፣ ቅኝ ግዛት፣ ልማት፤ በየዓመቱ ያው ይመጣል፣ ያው ያልፋል። አሜሪካ በኩባ ላይ የጣለችውን ማዕቀብ የሚቃወመው የውሳኔ ሐሳብ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1992 ሲጀመር 59 ድጋፍ፣ 3 ተቃውሞ፣ 71 ድምፀ ተዓቅቦ ነበር። በ2023 ግን 187 ድጋፍ፣ 2 ተቃውሞና 1 ድምፀ ተዓቅቦ ሆኗል። እንዲህ ባለ ድምፅ ላይ ኢትዮጵያና ጅቡቲ ተስማሙ ማለት ምን ዜና አለው? ከፓራጓይም ጋር ተስማምተናል።

ስለዚህ ከአጋጣሚ በላይ ያለውን ብቻ የሚለካ መለኪያ ያስፈልጋል። ካፓ ይሉታል። የተገኘው 91 ከመቶ፣ በአጋጣሚ የሚጠበቀው 82 ቢሆን፣ ትርፉ 9 ነው። ሊገኝ የሚችለው ትልቁ ትርፍ ደግሞ 18። 9 ለ18፣ 0.5። ያ ሁሉ 91 ተቀንሶ ግማሽ ሆነ። ፍራንክ ሄገ የተባለ ተመራማሪ በ2011 የውጭ ፖሊሲ ተመሳሳይነት እንዲህ እንዲለካ ተከራክሯል። ከዚያ በፊት የገነነው በ1999 ሲኞሪኖና ሪተር ያወጡት መለኪያ ነበር፤ እሱ ርቀትን ይለካል እንጂ አጋጣሚን አይቀንስም።

ሁለቱንም አወጣኋቸው። የግራፉ መስመር በካፓ ሲሠራ ይወርዳል፣ ይንቀጠቀጣልም። እኔ የሚንቀጠቀጠውን እመርጣለሁ። ቀጥ ያለው መስመር የሚነግረኝ ስለ ጉባኤው ልማድ ነው፣ ስለ ሁለቱ አገሮች አይደለም።

የመጀመሪያው ግምቴ ግን በሁለቱም መንገድ ቆሟል። በ1980ዎቹ መስመሩ ዝቅ ይላል። ምክንያቱ አፍ አውጥቶ ይናገራል። ጥር 5 ቀን 1972 ዓ.ም. ጉባኤው የውጭ ጦር ከአፍጋኒስታን ይውጣ ሲል 104 ደገፉ፣ 18 ተቃወሙ። ከ18ቱ አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ከሶቭየት ኅብረት፣ ከኩባ፣ ከቬትናም ጋር። ከሞስኮ የተጣላችው ሶማሊያ ደግሞ ከደጋፊዎቹ ጎን ነበረች። ከሁለት ዓመት በፊት ኦጋዴን ላይ ሲዋጉ የነበሩት ሁለት አገሮች ኒው ዮርክ ላይም አልተገናኙም።

ማክሰኞ

ሒሳብ የሚያስተምር ጓደኛ አለኝ። ፉል ቤት ቁጭ ብለን ድምፀ ተዓቅቦን ምን ላድርገው አልኩት። አንዱ ሲደግፍ አንዱ ድምፁን ቢያቅብ፣ ግማሽ ስምምነት ነው ወይስ አለመስማማት?

«ግማሽ አድርገው» አለኝ፣ እንጀራውን እየቆረሰ። «ቅደም ተከተል ካለው ርቀት አለው።»

ሒሳቡ ልክ ነው። ፖለቲካው ግን እንደ ጉዳዩ ይለያያል። ስለ ኑክሌር ጦር መሣሪያ ድምፀ ተዓቅቦ ማለት ብዙ ጊዜ «ዝርዝሩ አልተመቸኝም» ማለት ነው። አንድን አገር በስም ጠርቶ በሰብአዊ መብት በሚወቅስ የውሳኔ ሐሳብ ላይ ግን፣ የአንድ አፍሪካዊ አገር ድምፀ ተዓቅቦ ጨዋ ተቃውሞ ሊሆን ይችላል። ያው 2 ቁጥር፣ ሁለት ፍቺ። ዳታው የውሳኔ ሐሳቦቹን በስድስት ርዕስ ከፍሏቸዋል። ስለዚህ ስሌቱን ለሰብአዊ መብት ለብቻው፣ ለሌላው ለብቻው እሠራዋለሁ። ጓደኛዬ «ነገር አታብዛ» አለኝ። የሒሳብ ሰው ስለሆነ ነው።

ቅዳሜና እሑድ

አሁን ወደ 8 ቁጥር መጣሁ። ሥራው በሙሉ እዚህ ላይ ነው ያለው።

የካቲት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ስለ ዩክሬን የተሰጠውን ድምፅ ከፈትኩ። ዩክሬን ላይ የተፈጸመውን ወረራ የሚያወግዘው የውሳኔ ሐሳብ ነው። ሰባቱ አገሮቼ እንዲህ ይነበባሉ። ኬንያ 1። ሶማሊያ 1። ጅቡቲ 1። ሱዳን 2። ደቡብ ሱዳን 2። ኤርትራ 3። ኢትዮጵያ 8።

አንድ ቀን፣ አንድ ጥያቄ። አካባቢያችን ያሉትን ምርጫዎች በሙሉ ተጠቀመባቸው። ኤርትራ በዓለም ላይ ከተቃወሙት 5 አገሮች አንዷ ነበረች። ኢትዮጵያ የለችም። ጓደኛዬ «የዓድዋ በዓል ስለነበረ ሥራ አልገቡም» ብሎ ቀለደ። በዓሉ እውነት ነው፣ ያን ዕለት ነበር።

ድምሩን እንይ። 141 ድጋፍ፣ 5 ተቃውሞ፣ 35 ድምፀ ተዓቅቦ። 181 ነው። አባላቱ 193 ናቸው። 12 አገሮች ድምፅ አልሰጡም፣ ሁሉም 8 ተብለዋል። ከ12ቱ አንዷ ቬኔዝዌላ ናት። ቬኔዝዌላ ያኔ በመዋጮ ዕዳ ምክንያት ድምፅ የመስጠት መብቷን አጥታ ነበር፤ ያ አንቀጽ 19። ብትፈልግም አትችልም። ኢትዮጵያ ግን መብቱ ነበራት። ዳታው ውስጥ ሁለቱም ያው 8 ናቸው።

ቀጥዬ ሌሎቹን አየሁ። መጋቢት 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ሩሲያ ከሰብአዊ መብት ምክር ቤት ትታገድ ሲባል 93 ደገፉ፣ 24 ተቃወሙ፣ 58 ድምፃቸውን አቀቡ። ኢትዮጵያ 3፣ ተቃወመች። በኦክቶበር 2022፣ ሩሲያ አራት የዩክሬን ግዛቶችን ጠቅልያለሁ ስትል በተሰጠው ድምፅ ደግሞ ኢትዮጵያ 2፣ ድምፀ ተዓቅቦ። በጥቂት ወራት ውስጥ 8፣ 3፣ 2።

«ሩሲያን የመደገፍ መጠን» የሚል አንድ መስመር ላይ ይህን ማስቀመጥ ይቻላል፣ ቁጥርም ይወጣል። ግን ምን ይነግረናል? የመጋቢቱ ጥያቄ ስለ ሩሲያ ብቻ አልነበረም፣ ስለ ሰብአዊ መብት ምክር ቤትም ነው። ያ ምክር ቤት በዲሴምበር 2021 ልዩ ስብሰባ ጠርቶ በኢትዮጵያ ላይ የባለሙያዎች መርማሪ ኮሚሽን አቋቁሟል፤ መንግሥትም አልቀበለውም ብሏል። ከምክር ቤቱ ጋር የራሱ ጠብ ያለው አገር ስለ ምክር ቤቱ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ነው። የኦክቶበሩ ደግሞ የድንበር ጉዳይ ነው፣ ያ ሌላ ነገር ነው።

ከዚህ በላይ የገረመኝ የጅቡቲ ረድፍ ነው። በየካቲት ጅቡቲ ደግፋ ኢትዮጵያ አልነበረችም። በኦክቶበር ኢትዮጵያ ድምፀ ተዓቅቦ አድርጋ ጅቡቲ አልነበረችም። ቦታ ተቀያየሩ! እንግዲህ እንደ ተለመደው 8 ያለበትን ረድፍ ሁሉ ብጥል፣ ሁለቱም ድምፆች ከኢትዮጵያና ጅቡቲ ንጽጽር ውስጥ ይወጣሉ። ዓለም ሁሉ ዓይኑን የተከለባቸው ድምፆች የእኔ ግራፍ ላይ የሉም ማለት ነው። የስምምነቱ መቶኛ ደግሞ ምንም ያልተፈጠረ ይመስል ከፍ ብሎ ይቀጥላል።

ሁሉም 8 ግን እንዲህ ትርጉም ያለው አይደለም። ትንሽ አገር ኒው ዮርክ ላይ ብዙ ሰው የለውም። የጅቡቲን ነገር ብንወስድ፣ ሮብሌ ኦልሃዬ ከ1988 ጀምረው በ2015 ሕይወታቸው እስኪያልፍ ድረስ በተመድም በዋሽንግተንም አምባሳደር ነበሩ። አንድ ሰው፣ ሁለት ከተማ። በአንድ ከሰዓት በኋላ በርካታ ድምፅ በተከታታይ በሚሰጥበት ወቅት አንድ ወንበር ባዶ ቢሆን፣ የፖለቲካ ውሳኔ ነው ብሎ መጻፍ ድፍረት ይሆናል። ሶማሊያ ደግሞ ሌላ ናት። በ1990ዎቹ 8 ሲኖራት፣ ሞቃዲሾ ላይ መመሪያ የሚልክ መንግሥት አልነበረም።

ሰኞ

ቃለ ጉባኤዎቹን ማንበብ ጀመርኩ። የተመድ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ላይ በቃል የተነገረው ሁሉ ተጽፎ አለ። ለምን ወደ ወረቀት ተመለስክ ለሚለኝ፣ ምክንያቱ ይኸውና።

ከድምፅ ውጤቱ ቀጥሎ አንዳንዴ በቅንፍ አጭር ማስታወሻ አለ። ይዘቱ ሁልጊዜ ያው ነው፦ የእገሌ አገር ልዑክ ለመደገፍ አስቦ እንደነበር በኋላ ለጽሕፈት ቤቱ አስታውቋል። ማለትም ሰውየው ዘግይቶ ገባ፣ ወይም ወጣ ብሎ ነበር፣ ወይም ቁልፉን ሳይጫን ቀረ። በኋላ ሄዶ «እኔኮ ደጋፊ ነኝ» አለ። ይህ ይመዘገባል፤ ውጤቱ ግን አይቀየርም።

ዋናው ድምር ስለማይቀየር እንዲህ ያለው አገር በድምፅ ዳታ ላይ 8 ሆኖ ይቀራል። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን አቋሙ በግልጽ ተጽፏል። በሌላ በኩል በኋላም መጥቶ ምንም ያላለ አገር አለ። ኮምፒውተሩ ሊለያቸው አይችልም፤ የሚለያቸው ነገር ቁጥሩ ውስጥ የለም። ማንበብ ነው።

ስለዚህ አዲስ ዓምድ ጨመርኩ። ስሙ «የ8 ዓይነት»። በውስጡ፦ መብት ያልነበረው (አንቀጽ 19)፣ መንግሥት ያልነበረው፣ በኋላ አቋሙን ያሳወቀ፣ በዚያው ቀን ሌላ ድምፅ ሰጥቶ ይህን ብቻ ያለፈ፣ ቀኑን ሙሉ ያልነበረ። አራተኛው ነው ወርቁ። አዳራሹ ውስጥ ሆኖ፣ ከፊትም ከኋላም ድምፅ ሰጥቶ፣ አንዱን ብቻ የዘለለ አገር ሆን ብሎ ነው የመሆን ዕድሉ ትልቅ ነው። ይህን ደግሞ ደስ ሲል ኮዱ ራሱ ያወጣዋል፤ የቀኑን ድምፆች በቅደም ተከተል መደርደር ብቻ ነው። ቃለ ጉባኤ የሚያስፈልገኝ ለሌሎቹ ነው።

ስለ ሐሳብ መስመር ግምትም ልጥቀስ። ቤይሊ፣ ስትሬዥኔቭና ቩተን እያንዳንዱን አገር በየዓመቱ አንድ መስመር ላይ የሚያስቀምጥ ሞዴል አላቸው። ጉባኤው ላይ በየዓመቱ ሳይለወጡ የሚመለሱ የውሳኔ ሐሳቦችን እንደ መሸጋገሪያ ይጠቀማል፤ ስለዚህ የ1980 ኢትዮጵያንና የ2020 ኢትዮጵያን በአንድ ሚዛን ማየት ይቻላል። ድንቅ ሥራ ነው። ለዓለም አቀፍ ጥናት እኔም እጠቀምበታለሁ። ለሁለት ጎረቤት አገሮች ግን የምፈልገው ከአንድ መስመር የሚያመልጠውን ነው።

ግንቦት አጋማሽ

ግራፉን በአማርኛ ልጻፍ ብዬ ተነሳሁ። ፊደሉ ሁሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ወጣ። የፓይተን ግራፍ መሥሪያው ማትፕሎትሊብ ይዞት የሚመጣው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጭኜ፣ ስሙን ኮዱ ላይ ሰጠሁት፤ ተስተካከለ። አቢሲኒካም ይሠራል፣ ለትንሽ ጽሑፍ ግን ኖቶ ይነበባል።

ለጎረቤቴ አሳየሁት። ምድር ባቡር ያረጀ ሰው ነው፤ ፈረንሳይኛውም ከእኔ እንግሊዝኛ ይሻላል። ጋሼ እለዋለሁ፣ ግን በ«አንተ» ነው። ድሬ ውስጥ «እርስዎ» ያልክ እንደሆነ ከየት መጣህ ነው የሚሉህ።

መነጽሩን አድርጎ 1970ዎቹ ዓ.ም. ላይ ያለውን ቁልቁለት በጣቱ ተከተለው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ያኔ ኢትዮጵያና ጅቡቲ ኒው ዮርክ ላይ አይስማሙም ነበር፣ ጋሼ።»

«ወሪያ! ያኔኮ ባቡሩ ሞልቶ ነበር የሚሄደው። ጅቡቲ አድረን ስንመለስ ማን ጠየቀን? ኩባንያውም የጋራ ነበር።»

ልክ ነው። ጅቡቲ ነፃ ከወጣች በኋላ የባቡር ኩባንያው የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ንብረት ሆኖ ነበር። አፍጋኒስታን ላይ የማይስማሙ መንግሥታት አንድ ሐዲድ፣ አንድ መጋዘን፣ አንድ የደመወዝ መዝገብ ያስተዳድሩ ነበር። ግራፉ ይህን አያሳይም፣ እንዲያሳይም አልተሠራም። የድምፅ ዳታ የሚለካው ሁለት አገሮች ስለ ሦስተኛ ሰው ጉዳይ ምን እንደሚሉ ነው። እርስ በርስ ምን እንዳላቸው ለማወቅ ጭነት፣ ታሪፍ፣ ውል መቁጠር ያስፈልጋል።

ጋሼ ግን ግራፉን ወደደው። አንድ ጥያቄም ጨመረልኝ፦ «ታዲያ ኒው ዮርክ ላይ የተጣሉት በማን ጉዳይ ነው?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ማታውን የ1970ዎቹን ዓ.ም. ልዩነቶች በርዕስ ከፋፈልኳቸው። አፍጋኒስታንና ካምቦዲያ ጎላ ብለው ወጡ፤ ሁለቱም የሞስኮና የወዳጆቿ ጦር የገባባቸው አገሮች ናቸው። ከጅቡቲም ከድሬም በሺዎች ኪሎ ሜትር ይርቃሉ።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ሦስት መስመር ያለው ግራፍ አለኝ። አንዱ 8ን የሚጥል፣ አንዱ 8ን እንደ ድምፀ ተዓቅቦ የሚቆጥር፣ አንዱ ሆን ተብለው የተዘለሉትን ብቻ የሚቆጥር። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋለሁ፤ አንዱን መርጬ «ውጤቱ ይህ ነው» አልልም። መስመሮቹ በሚገጥሙበት ዓመት ልብ ሞልቶ መናገር ይቻላል። በሚለያዩበት ዓመት ደግሞ ወደ ቃለ ጉባኤው መሄድ ነው።

የ1998ቱን ግምቴን ገና አልነካሁትም። የአሰብ መዘጋት ድምፅ ላይ ምልክት ጥሎ ከሆነ ምልክቱ ትንሽ ነው የሚሆነው፤ 8ቶቹ ሳይጸዱ ትንሽ ምልክት መፈለግ ራስን ማታለል ነው። ንባቡ ከ32ኛው ጉባኤ ተነስቶ 46ኛው ላይ ደርሷል፣ 1984 ዓ.ም.። ሞቃዲሾ መንግሥት ካጣች በኋላ የመጣው የመጀመሪያው መስከረም ነው። የሶማሊያን 8 ከጅቡቲ 8 የመለየቱ ሥራ ከዚህ ይጀምራል።